ደርቃ የምትጠብቅ፣ አሽትታ የምታድን

ክረምት ካለፈ በኋላ የጣሪያ አሸንዳ ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ያንን ጥቁር ደቃቅ ጭቃ ያውቀዋል። ቅጠል ይበሰብስበታል፣ አቧራ ይጠራቀምበታል። ኅዳር ላይ ፀሐይ ሲበረታ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። በመጥረጊያ ሲነኩት ብን ይላል። ሕይወት አለበት ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1702 አንድ የሆላንድ ሰው ግን ጠረጠረ። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ይባላል። በዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ የነበረ ሰው ነው፤ ማጉያ መነጽሮቹን የሚሠራው በገዛ እጁ ነበር። ከቤቱ አሸንዳ ደረቅ አፈር ዘግኖ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨመረ። የዝናብ ውሃ አፍልቶ አቀዘቀዘና አፈሰሰበት። ማፍላቱ ብልህነት ነው፤ በኋላ የሚያየው ነገር ከውሃው የመጣ ነው እንዳይባል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲያይ ደቃቅ እንስሳት እየተሳቡና እየዋኙ ነበር። ያው አፈር ለወራት ደርቆ ከተቀመጠ በኋላም ሞከረው። እንደገና ተነሡ።

ያያቸው ዛሬ ሮቲፈር የምንላቸውን ነው። ስሙ በላቲን «መንኮራኩር ተሸካሚ» እንደማለት ነው። እንስሳ ያልኩት በምክንያት ነው። በዓይን የማይታይ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ አንድ ሴል ነው፤ በቃ። ሮቲፈር ግን አንድ ሺህ ገደማ ሴሎች አሏት። አፍ አላት፣ መንጋጋ አላት፣ ሆድ አላት፣ ትንሽዬ አንጎል አላት። ብዙዎቹ ቀይ የዓይን ነጠብጣብም አላቸው። ይህ ሁሉ የታጨቀው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ገላ ውስጥ ነው። አንድ የጤፍ ፍሬ አጠገቧ ቢቀመጥ ትልቅ ቋጥኝ ይሆንባታል።

እኔ መጀመሪያ ያየኋት ተማሪ እያለሁ ነው። ለክፍሉ የነበረው አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ ተራ በተራ እንጎነበሳለን። የኩሬ ውሃ ጠብታ ውስጥ ትል የመሰለ ነገር አየሁ። እንደ ሬዲዮ አንቴና ተሳበች፣ ረዘመች። በእግሯ ጫፍ ባሉት ጣቶች መስታወቱን ቆንጥጣ ያዘች። ከዚያ ጭንቅላቷ ተከፈተ። ሁለት ክቦች ወጡና መሽከርከር ጀመሩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች «በቃህ!» እያሉ ይጎትቱኛል፤ እኔ ከዚያ መነሣት አቃተኝ።

በእርግጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። በክቡ ዙሪያ የተሰለፉ ጥቃቅን ፀጉሮች በየተራ ይርገበገባሉ፣ ያ ነው። ንፋስ የስንዴ ማሳ ላይ ሲያልፍ ማዕበሉ ከዳር እዳር ይሮጣል፤ ዛላው ግን ከቦታው አይሄድም። እዚህም እንደዚያው ነው። ያ እርግብግቢት ውሃውን ወደ አፏ ይስበዋል። ከውሃው ጋር አልጌ ይገባል፣ ባክቴሪያ ይገባል። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጧ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉሮሮዋ ላይ ያለው መንጋጋ ሲፈጭ ትንሽ ወፍጮ ቤት ይመስላል።

እስካሁን ሁለት ሺህ ገደማ የሮቲፈር ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ፤ በባሕርም፣ በእርጥብ አፈርም፣ ድንጋይ ላይ በሚበቅለው ያ ለስላሳ አረንጓዴ ውስጥም አሉ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንም ሞልተዋል። ኬንያ ያለው የናኩሩ ሐይቅ ውሃው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ሶዳ ነው፤ እዚያም ብራኪዮነስ የሚባለው ወገን ይራባል። ኑሯቸው ለየቅል ነው። አንዳንዷ እንደ ኳስ ተሰብስባ ከእህቶቿ ጋር ትንሳፈፋለች። ፍሎስኩላሪያ የምትባለው ደግሞ ቤት ሠሪ ናት። ከውሃው ያጠለለችውን ቆሻሻ አድቦልቡላ እንደ ጡብ ትሠራዋለች። ጡቡን አንድ በአንድ እየደረደረች ራሷን የምትከትበት ግንብ ታቆማለች።

ከሁሉም የምወደው ታሪክ ግን የብራኪዮነስ እሾህ ነው። በየኩሬው አስፕላንክና የምትባል ትልቅ ሮቲፈር አለች። ዘመዶቿን ትበላለች። ብራኪዮነስ ካገኘች ሙሉዋን ትውጣታለች። አስፕላንክና ወደ ውሃው የምትለቀው ኬሚካል አለ፤ ሽታ በሉት። እናት ብራኪዮነስ ይህ ሽታ ያለበት ውሃ ውስጥ ከቆየች የምትወልዳቸው ልጆች ረጃጅም እሾህ ይዘው ይፈለፈላሉ። እሾሃም ልጅ ለመዋጥ አትመችም። ልብ በሉ፤ እናትየው ራሷ እሾህ አታበቅልም። ጂኗም አልተለወጠም። ውሃው ውስጥ ያለው ዜና እንቁላሉ ላይ ደርሶ የልጁን ቅርጽ ቀየረው። ዓይኗ ከነጠብጣብ ለማያልፍ እንስሳ ሽታ ማለት ሬዲዮም ጋዜጣም ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህችው ብራኪዮነስ የሰው ማዕድ ላይም እጇ አለበት። በጃፓን የእባብ ዓሣ ኩሬዎች ውስጥ ድንገት ትፈላና አረንጓዴውን አልጌ ጠርጋ በልታ ውሃውን ታበላሽ ነበር። አርቢዎቹ እንደ መቅሠፍት ያዩዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን ከእንቁላል ገና የወጣ የባሕር ዓሣ አፍ ውስጥ የምትገባ ምርጥ ምግብ እሷ ሆና ተገኘች። የብዙ ዓሣ ጫጩቶች አፍ በጣም ጠባብ ነው፤ ሌላ ምግብ አይገባላቸውም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ጣቢያዎች በርሜል ሙሉ ሮቲፈር ያረባሉ።

አሁን ወደ አሸንዳው ልመለስ። ደርቀው የሚነሡት ሁሉም ሮቲፈሮች አይደሉም። ዴሎይድ የሚባሉት ናቸው፤ ከ450 በላይ ዝርያ አላቸው። እነሱ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ወንድ የላቸውም። ከሌቨንሁክ ጊዜ ጀምሮ ስንት ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሷል፤ አንድም ወንድ ዴሎይድ አልተገኘም። እናት እንቁላል ትጥላለች፣ ከእንቁላሉ ሴት ትወጣለች፣ እሷም እንዲሁ። ይህ የአንድ ሺህ ዓመት ነገር አይደለም፤ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት የሚለካ ነው።

ይህ ለምን ሊቃውንትን እንቅልፍ ነሣ? የእንሰት ገበሬ ቶሎ ይገባዋል። እንሰት ከእናቱ ጉጥ ነው የሚባዛው፤ ልጁ የእናቱ ግልባጭ ነው። ጓሮው በሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱን ያጠወለገ በሽታ ሁሉንም ማጥወልግ ይችላል። ስለዚህ ገበሬው የተለያየ ዓይነት አሰባጥሮ ይተክላል። ወንድና ሴት ተገናኝተው ሲወልዱም እንደዚያው ነው፤ የጂን ካርታው በየትውልዱ ይበወዛል፣ በሽታው የትናንቱን ቁልፍ ይዞ ቢመጣ በሩ ተቀይሯል። ዴሎይድ ይህን ሳታደርግ እንዴት እስካሁን ኖረች? እንግሊዛዊው የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን ቅሌት ብለውታል፤ ከዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ጋር የማይገጥም ማለታቸው ነው።

መልሱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የተገኘው ግን የሚያስገርም ነው፤ አብዛኛውም ከመድረቋ ጋር የተያያዘ ነው።

ውሃው ሲጎድል ዴሎይድ አትፍጨረጨርም። ጭንቅላቷንና እግሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች፣ ትድበለበላለች፣ ቀስ እያለች ትደርቃለች። ገላዋ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። አትበላም፣ አትተነፍስም፣ አታረጅም። ሰዓቱ ቆሟል። መድረቅ ግን ዋጋ አለው። ዲኤንኤዋ ይሰባበራል። ሌላ እንስሳ ቢሆን ያ ስብርባሪ ሞቱ ነው። እሷ ውሃ ስታገኝ ስብርባሪውን ትሰፋዋለች። ከዚህ የተነሣ ጨረርም አይበግራትም፤ ሌሎች እንስሳትን መካን የሚያደርግ ጨረር ተቀብላ መውለዷን ትቀጥላለች።

ስፌቱ ላይ ግን የባዳ ክር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የዴሎይድ ጂኖች መካከል የባክቴሪያ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ጂኖች አገኘ። በ2013 የአንዷ ዝርያ ሙሉ የጂን መዝገብ ሲነበብ ከመቶ ስምንት ያህሉ ጂኖች ከእንስሳ ወገን ያልመጡ መሆናቸው ታየ። እንዴት ገቡ? ስትደርቅ ዲኤንኤዋ እንደሚሰባበር ሁሉ ሽፋኗም ይሰነጠቃል፤ የበላችው ነገር ዲኤንኤ ሾልኮ ገብቶ አብሮ ተሰፋ የሚለው ግምት ብዙ ተቀባይነት አለው። ጂኖቹ ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ2024 የወጣ ሥራ እንዳሳየው ዴሎይዶችን ገዳይ ፈንገስ ሲያጠቃቸው ከባክቴሪያ የተወረሱት ጂኖች በጅምላ ይበራሉ። አንዳንዶቹ አንቲባዮቲክ የሚሠሩትን ጂኖች ይመስላሉ። በውርስ ያላገኘችውን መድኃኒት ከጎረቤት ወሰደች ማለት ነው።

ስለ ፈንገሱ ሌላም ጥሩ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈንገስ የያዛቸውን ሮቲፈሮች አደረቁ። የማድረቂያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ፈንገሱ ይሞታል፤ ሮቲፈሮቹ ግን ይነሣሉ። በንፋስ ሲያስወስዷቸውም ብዙዎቹ በሽታውን ጥለው አዲስ ቦታ ያርፋሉ። እኛ ስንታመም ፈሳሽ እንጠጣለን፤ እሷ ደግሞ ደርቃ ጠላቷን ታደርቀዋለች። አሸንዳችሁን ስትጠርጉ ብን ያለው አቧራ ምናልባት እንዲህ ያለ መንገደኛ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ለስንት ጊዜ ትጠብቃለች? ደርቃ ለዓመታት መቆየቷ የቆየ እውቀት ነው። በ2021 ውጤታቸውን ያሳተሙ የሩስያ ተመራማሪዎች ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ ከአላዜያ ወንዝ አካባቢ፣ ከጥልቅ የበረዶ አፈር ናሙና አወጡ። አፈሩ ከቀዘቀዘ 24,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ቀለጠ። ውስጡ የነበረችው ዴሎይድ ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያም ያለ ወንድ ወለደች። ያኔ የሰው ልጅ ገና እርሻ አልጀመረም ነበር። እኔ ይህን ዜና ባነበብኩ ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

መጠበቅ የማትችል ሌላ ደቃቅ እንስሳ ደግሞ አለች።

ከባቱ፣ ማለትም ከዝዋይ፣ ብዙም ሳይርቅ ካሉት የጽጌረዳ እርሻዎች አንዱን ጎብኝቼ ነበር። ግሪንሃውሱ ውስጥ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል። አንዲት ወጣት ማጉያ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በመስመሮቹ መሀል ትሄዳለች። ሥራዋ ስካውት ማድረግ ነው፤ ተባይ የት እንዳለ እየቆጠረች ትመዘግባለች። አንድ ቅጠል ገልብጣ «ይኸው፣ እይ ወንድሜ» አለችኝ። የቅጠሉ ጀርባ ላይ ቀጭን ድር አለ። ድሩ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ ጎኗ ላይ ያለባት ፈዛዛ ነገር ተቀምጣለች። ስፓይደር ማይት ናት። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ብርቱካናማ፣ የሚያበራ፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ነገር ይሮጣል። «ያኛው የእኛ ነው» አለችኝ።

ያኛው ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ይባላል። ማይት ነፍሳት አይደለም፤ ስምንት እግር ያለው የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ስም የወጣላቸው የማይት ዝርያዎች ከ50,000 ይበልጣሉ። ሣር የሚበላ አለ፣ አቧራ ውስጥ የሚኖር አለ፣ ደም የሚመጥጥ አለ። ሌሎች ማይቶችን እያደኑ ከሚኖሩት ውስጥ የፋይቶሴዩለስ ቤተሰብ ብቻውን ከ2,000 በላይ ዝርያ አለው።

ተባይዋ ቀላል ጠላት አይደለችም። ስፓይደር ማይት ከአንድ ሺህ በላይ የዕፅዋት ዓይነት ላይ ትኖራለች። የቅጠሉን ሴል እየወጋች ትመጥጣለች፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይነጣል፣ ይረግፋል። ሲሞቅ አንድ ትውልድ በሳምንት ገደማ ይጨርሳል። መድኃኒት ሲረጭባት የተረፉት ይወልዳሉ፤ ልጆቹ መድኃኒቱን የሚችሉ ይሆናሉ። ከ90 በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን መቋቋሟ ተመዝግቧል። ርጭቱ ደግሞ የሚያድኗትን ቀድሞ ይጨርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በገፍ ሲረጭ በየአትክልት ስፍራው የማይት ወረርሽኝ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ስፓይደር ማይትም ከፈንገስ የተወሰደ ጂን አላት። ቀለሟን የሚሰጣትን ንጥረ ነገር በእሱ ትሠራለች። ከባዳ መዋስ የሮቲፈር ብቻ ጠባይ አይደለም።

አዳኟ ዓይን የላትም። ጨርሶ ዕውር ናት። ታዲያ ግሪንሃውስ በሚያህል ጫካ ውስጥ የገዛ መጠኗን የምታህል ተባይ እንዴት ታገኛለች? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ይህን ጠየቁ። ዋይ ቅርጽ ያለው የመስታወት ቱቦ ሠሩ። በአንደኛው ክንድ ጤነኛ የባቄላ ዘመድ ተክል ያለፈ አየር፣ በሌላው ተባይ የበላው ተክል ያለፈ አየር ይነፍሳል። አዳኟ መገንጠያው ላይ ስትደርስ አዘውትራ ወደ ተበላው ተክል ታጥፋለች። ሽታውን የሚሠራው ተክሉ ነው። ተባይ ሲነክሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የማያወጣውን ሽታ ይለቃል፤ አዳኟ ደግሞ ከፍ አድርጋ በምትይዛቸው የፊት እግሮቿ ታሸተዋለች። የብራኪዮነስ እናት ከጠላቷ ሽታ እንደምትማር ነግሬአችሁ ነበር። እዚህ ሦስተኛ ወገን ገብቷል፤ የተጎዳው ራሱ እሪ ይላል።

ስትደርስ ሥራዋ ፈጣን ነው። ድሩን በረጃጅም ፀጉሮቿ እየገለጠች ትገባለች፣ ትወጋለች፣ ትመጥጣለች። በቀን እስከ 20 የሚደርስ እንቁላል ወይም 5 ያህል አዋቂ ተባይ ትበላለች። ከእንቁላል እስከ አዋቂነት የሚፈጅባት በሞቃት ቀን አምስት ቀን ገደማ ነው፤ ከምታድናት ትፈጥናለች። ድካሟ አየሩ ላይ ነው። አየሩ ከደረቀ እንቁላሏ አይፈለፈልም። ስፓይደር ማይት ደግሞ ድርቀት ትወዳለች። ስለዚህ ገበሬው እርጥበቱን ይጠብቃል፣ የሚረጨውን መድኃኒት ይመርጣል። በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ይህ አሠራር እየተለመደ መምጣቱ እኔን የሚያስደስተኝ በተለይ ለዚያች ወጣት ነው። ርጭት ሲቀንስ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው አየር ይለወጣል።

ፐርሲሚሊስ ግን ሌላ መብል አታውቅም። ስፓይደር ማይት ጠርጋ ከጨረሰች ራሷ ትራባለች። ወይ ትሄዳለች ወይ ትሞታለች። ለዚህ ነው እርሻዎቹ እየደጋገሙ በጠርሙስ የሚበትኗት። ለድሃ ገበሬ ይህ አይሆንም። ለእሱ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ጠባይ ያላት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1971 የካሳቫ አረንጓዴ ማይት ከደቡብ አሜሪካ መጥታ ዩጋንዳ ላይ ታየች። ከዚያ የአፍሪካን የካሳቫ ምድር አዳረሰች። ዓለም አቀፉ የሐሩር ክልል ግብርና ተቋም በትውልድ አገሯ ማን ይበላት እንደነበር ፈለገ። በ1993 ቲፍሎድሮማለስ አሪፖ የምትባል አዳኝ ከብራዚል ተወስዳ ቤኒን ውስጥ ተለቀቀች። ቀን ቀን በካሳቫው ጫፍ፣ ገና ባልተፈታው እምቡጥ ቅጠል ውስጥ ትሸሸጋለች። ሲመሽ ወርዳ ታድናለች። ተባይ ሲጠፋ የበቆሎ ወንዴ ዱቄት እየበላች ትቆያለች። ስለዚህ አትጠፋም። በንፋስ ከማሳ ማሳ እየተወሰደች አገር አቋረጠች፤ ዛሬ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ትገኛለች። ገበሬው አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ብዙው አጠገቡ መኖሯንም አያውቅም።

ሮቲፈርን ለማየት ግን እንደ ማይቷ ባቱ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኔ ጥር ላይ ከአሸንዳ የጠረግኩትን አንድ ቁንጥር በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አውጥቼ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አደረግኩት፤ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ለግማሽ ሰዓት ምንም የለም። አፈር ብቻ። ቡና አፍልቼ ተመለስኩ። ጠብታውን ከማይክሮስኮፑ ሥር ሳደርግ ከአንድ የአሸዋ ቅንጣት ጎን ድቡልቡል ነገር ተኝቷል። ዳሩ ትንሽ ተነቃነቀ። ቀጥሎ እግር ወጣ፣ አሸዋውን ቆንጥጦ ያዘ።